የካህኑ ኮታና የሸክላው ኮታ፦ ዘመዳሞች ወይስ ሞክሼዎች?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ሮም ውስጥ ትኖራለች። በአንድ የካቶሊክ ደብር ዕቃ ቤት አልባሳት ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። «በየሳምንቱ የሚሰጡኝ አጫጭር ነጭ ልብሶች አሉ፤ ‹ኮታ› ይሏቸዋል። ግቢው ውስጥ ያለው የአበባ መትከያ ሁሉ ደግሞ ‹ቴራኮታ› ነው። ይባስ ብሎ አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንዱን ጎረምሳ ወዳ ‹ኮታ ያዘኝ› ትለኛለች። ልብስ፣ ሸክላና ፍቅር እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ? ከኛ ኩታስ ጋር ይገናኛል?» ትላለች።

እኔ ጣልያንኛ አስተምራለሁ፣ እተረጉማለሁም፤ ይህች ቃል ተማሪዎቼን ሁሉ ግራ ታጋባለች። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ እህቴ፣ ዝርዝሩን ሻይሽን ይዘሽ ታነቢዋለሽ። ሸክላውና ፍቅሩ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልብሱ ግን ባዳ ነው፤ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ቋንቋ መጥቶ ስማቸውን የተጋራ እንግዳ። ሞክሼ ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም። ከኛ ኩታ ጋርም ዝምድና የለውም። እሱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ ከሐበሻ በቀር ማንም አይጠይቀኝም።

ከሸክላው እንጀምር። ጣልያንኛ «ማብሰል» ሲል «ኩዎቸሬ» ይላል። የበሰለው ነገር ወንድ ከሆነ «ኮቶ»፣ ሴት ከሆነ «ኮታ» ይባላል። ሥጋ ቤት ገብተሽ «ፕሮሹቶ ኮቶ» ስትዪ የተቀቀለ የአሳማ ጭን ነው የምትገዢው፣ ጥሬውን ከፈለግሽ «ፕሮሹቶ ክሩዶ» ነው። ክሬም ሴት ስለሆነች «ፓና ኮታ» ትሆናለች። «ቴራ» መሬት ወይም አፈር ነው፤ እሷም ሴት ናት። ስለዚህ «ቴራኮታ» ማለት የበሰለች አፈር ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቃሉ የሁለት ቃላት ግጣም መሆኑን ማየት ከፈለግሽ ብዙ ቁጥሩን ተመልከቺ። ጣልያኖች ለብዙ ሲሆን «ቴሬኮቴ» ይላሉ። ቴራም ትበዛለች፣ ኮታም ትበዛለች። አንድ ድፍን ቃል ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ብቻ ይቀየር ነበር (እንደዚያ የሚሉም አሉ፣ ማንም አይቆጣቸውም)።

ይህ ኮታ ከየት መጣ ካልሽ፣ ከላቲን። ላቲን ማብሰልን «ኮኩዌሬ» ይላል፤ የበሰለችውን ደግሞ «ኮክታ»። ጣልያንኛ ከላቲን ሲወለድ «ክት» የሚለውን ድምፅ በሙሉ ወደ ጠበቀ «ት» ለውጦታል። ይህ አንድ ቃል ላይ የደረሰ አጋጣሚ አይደለም፣ ሕግ ነው። ሌሊት «ኖክተም» ነበር፣ «ኖቴ» ሆነ። ስምንት «ኦክቶ» ነበር፣ «ኦቶ» ሆነ። ወተት «ላክተም» ነበር፣ አሁን አዲስ አበባ ካፌ ቁጭ ብለን የምናዝዘው «ላቴ» ሆነ። ኮክታም በዚሁ መንገድ ሄዳ ኮታ ሆነች። ይህን ሕግ ልብ አድርጊልኝ፣ ልብሱን ከሸክላው የምንለየው በሱ ነው።

የዚህ ቤተሰብ ልጆች ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹ አማርኛም ገብተዋል። «ብስኩት» እንላለን። ጣልያንኛው «ቢስኮቶ» ነው፤ ሁለቴ የበሰለ ማለት ነው። ድሮ ለመርከበኛ የሚሰነቀው ደረቅ ዳቦ እንዳይሻግት ተጋግሮ ድጋሚ እሳት ያየው ስለነበር ነው ስሙ። «ሪኮታ» የሚባለው አይብ ደግሞ ዳግም የበሰለ ማለት ነው፣ ከአይብ የተረፈውን አጓት እንደገና አሙቀው ስለሚሠሩት። እንግዲህ ነገሩ ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ብስኩት ዞሮ ዞሮ ወደ ሸክላ ተመልሷል። የአውሮፓ ሸክላ ሠሪዎች አንዴ እሳት የገባውንና ገና የሚያብረቀርቅ ቅብ ያልተቀባውን ዕቃ «ብስኩት» ይሉታል። ሁለቴ እንኳ አልበሰለም፣ ገና አንዴ ነው! ግን ደረቅ፣ ፈዛዛና ውኃ መጣጭ ስለሆነ ስሙ ተለጠፈበት።

አፈር በእውነት ይበስላል ወይ? ይበስላል። ጭቃ ፀሐይ ላይ ብታደርቂው መልሶ ውኃ ሲነካው ይሟሟል። እሳት ገብቶ ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ግን ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ የኖረው ውኃ ራሱ ተባርሮ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ወደ ጭቃነት መመለስ የለም። ቴራኮታ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዲግሪ ወዲህና ወዲያ ይቃጠላል። ቀዩ ቀለም ከብረት ነው የሚመጣው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት አየር እያገኘ ሲቃጠል እንደ ዝገት ይቀላል። አየሩን ከልክለሽ ጭስ ብታፍኚበት ያው አፈር ይጠቁራል። ከፍሎረንስ አለፍ ብላ ኢምፕሩኔታ የምትባል ከተማ አለች፣ በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። እዚያ «ኢል ኮቶ» ካልሽ ማንም «ምን የበሰለ?» ብሎ አይጠይቅሽም። የወለል ሸክላ ማለት ነው፣ አለቀ።

ሮም ስላለሽ አንድ ነገር ልምከርሽ። ቪላ ጁሊያ የሚባል ሙዚየም አለ። እዚያ የኤትሩስኮች (ከሮማውያን በፊት በዚያ አካባቢ የኖሩ ሕዝብ) የመቃብር ሣጥን አለ፤ ባልና ሚስት አልጋ ላይ ጋደም ብለው ለግብዣ የተቀመጡ ይመስላሉ። እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል፣ ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። ዕድሜው ወደ 2,500 ዓመት ነው፤ ቼርቬቴሪ በምትባል ከተማ፣ መቃብር ውስጥ ብትንትን ብሎ ነው የተገኘው። ቅርፁ በሙሉ ቴራኮታ ነው። የአበባ ማሰሮ እያየሽ ቴራኮታን ከናቅሽው፣ እሱን ሄደሽ እዪውና ትታረቃላችሁ።

አሁን ወደ ፍቅሩ። አብራሽ የምትሠራው ልጅ ያለችው በጣልያንኛ «ሆ ፕሬዞ ኡና ኮታ» ነው የሚሆነው። ይህ ኮታ የዚያው የማብሰል ልጅ ነው። አንድ ጊዜ በስያለሁ፣ እሳቱ ነክቶኛል እንደማለት ነው። እኛም «በፍቅሯ ነደደ፣ ተቃጠለ» እንል የለም? ግን ልኩን እወቂለት። ኮታ ከባድ ፍቅር አይደለም። የተማሪ ቤት ነገር ነው፣ አስተማሪን መውደድ፣ የሠፈር ልጅ ሲያልፍ በመስኮት ማየት ዓይነት። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች «ክራሽ አለኝ» የሚሉት ነው ልክ የሚመጣለት። ነገሩ ከጠነከረና ሰውዬው ከነፈ ከተባለ «ኢናሞራቶ ኮቶ» ይሉታል፤ በፍቅር የበሰለ። ያኔ ቀልድ የለም፣ ሽማግሌ መላክ ነው።

ይኸው ኮታ ሌላም ቦታ ይውላል። ብስክሌተኛ ዳገት መሐል ጉልበቱ ጥርግ ብሎ እግሩ እምቢ ሲለው «ኮታ ያዘው» ይላሉ። ቢራ ጠማቂው አንድ ጊዜ የጣደውን ጥምቅ «ኡና ኮታ» ይለዋል። ተንኮለኛን ሰው «ፉርቦ ዲ ትሬ ኮቴ» ይሉታል፣ ሦስት ጊዜ የበሰለ ብልጥ! እኛ «የበሰለ ሰው» ስንል እናመሰግናለን፣ እነሱ ሦስቴ ሲያበስሉት ይፈሩታል። የማያደርገው ነገር የለም የሚባል ጎረምሳ ደግሞ «የበሰለውንም ጥሬውንም ሠርቷል» ይባላል። ሁሉም ከአንድ ምድጃ የወጡ ናቸው።

እንግዲህ ልብሱ። አንቺ በእጅሽ ስለምትይዢው ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ለሌሎች አንባቢዎች ልናገር። ኮታ ነጭ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከተልባ እግር ወይም ከጥጥ። አጭር ነው፤ ከዳሌ ወይም ከጭን አጋማሽ አያልፍም። እጅጌው ሰፊ ነው፣ ክርኑ ጋ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። አንገቱ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ጫፉ ላይ ዳንቴል ያለበት አለ፣ ካውያ ሲነካው የሚያናድደው እሱ ነው። ቁርጭምጭሚት ድረስ ከሚወርደው ጥቁር ልብስ በላይ ይለበሳል። ካህናት ይለብሱታል፣ ቅዳሴ የሚረዱ ልጆችም ይለብሱታል፣ መዘምራንም እንዲሁ።

ልብሱ ድሮ እንዲህ አጭር አልነበረም። ከ11ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው ወላጁ እስከ እግር የሚወርድ ሰፊ ልብስ ነበር፤ በላቲን ስሙ «ከፀጉር ልብስ በላይ» ማለት ነው። ለምን? በሰሜን አውሮፓ ክረምት ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌሊት ቆሞ መጸለይ እንዴት እንደሆነ አስቢው። ካህናቱ ከበርዱ የተነሣ የበግ ወይም የሌላ እንስሳ ቆዳ ከነፀጉሩ ይለብሱ ነበር። ከላዩ ጠባብ ልብስ አይገባም፤ ስለዚህ ሰፊ ነጭ ተሰፋለት። ዘመን ሲሄድ፣ በተለይ በጣልያን፣ ከታች እያጠረ መጣ። አጭሩን የጣልያን ዓይነት እንግሊዞችም ሳይቀሩ ኮታ ነው የሚሉት።

ስሙ ግን ከላቲን ማብሰል አልመጣም። የመጣው ከፍራንኮች ቋንቋ ነው። ፍራንኮች የጀርመን ወገን ናቸው፣ ፈረንሳይ ስሟን ያገኘችው ከነሱ ነው። እነሱ ዘንድ «ኮታ» ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ልብስ ሆነ፣ ልብሱ ስሙን ይዞ ተጓዘ። ድሮ ፈረንሳይኛ ገብቶ «ኮት» ተባለ፣ ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ አሁን ሁላችንም የምንለብሰው ኮት ሆነ። አዎ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ «ኮትና ሱሪ» ስትዪ የካህኑን ኮታ የአጎት ልጅ ነው የምትጠሪው። ጀርመን ውስጥ የመነኩሴ ቀሚስ «ኩተ» ይባላል፣ እሱም ያው ነው። ጣልያን ውስጥ ደግሞ ወታደሩም አልቀረለትም። የብረት ቀለበት ተሳክቶ የሚሠራው የጦር ልብስ «ኮታ ዲ ማሊያ» ይባላል። ከሻካራ ሱፍ ተነሥቶ ብረትም ዳንቴልም ሆነ።

«አንተ ይህን በምን አወቅህ? ለምን ሁለቱም ከማብሰል አልመጡም?» ትዪ ይሆናል። ማስረጃው ጎረቤት አገሮች ጋ ነው ያለው። ጣልያንኛ ውስጥ ሁለቱ ቃላት ተገጣጠሙ እንጂ ሌላ ቦታ አልተገጣጠሙም። ፈረንሳዮች ቴራኮታን «ቴር ኩዊት» ይሉታል፤ የጦር ልብሱን ግን «ኮት»። ስፔኖች የበሰለ ጭቃን «ባሮ ኮሲዶ» ይላሉ፤ ልብሱን «ኮታ»። ቃሉ አንድ ቢሆን ኖሮ ሁሉም አገር አብሮ በተለወጠ ነበር። ላቲኑ ኮክታ በየአገሩ በየሕጉ ተለወጠ፣ የፍራንኩ ኮታ ግን መጀመሪያውኑ «ክት» የሚባል ድምፅ ስላልነበረው የሚለወጥም አልነበረውም። ጣልያንኛ «ክት»ን ሲያጠብቀው ሁለቱ ሳያስቡት አንድ በር ላይ ተገናኙ።

አንዳንዱ ደግሞ «ኮታ ከኮተን ነው፣ ጥጥ ማለት ነው» ይላል። እሱም አይደለም። እንግሊዝኛው ኮተን ከዐረብኛው «ቁጥን» የመጣ ነው፤ የፍራንኮቹ ጨርቅ ሱፍ ነበር። ሌላው «የጁልየስ ቄሳር እናት አውሬልያ ከኮታ ቤተሰብ ናት፣ ከዚያ ነው» የሚል አለ። አውሬልያ ከዚያ ቤት መሆኗ ልክ ነው፤ ግን የቤተሰብ ስም ነው፣ ልብስም ሸክላም ውስጥ አያገባንም።

ወደኛው ኩታ። ኩታና ኮታ በጆሮ በጣም ይቀራረባሉ፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ «አገኘሁት!» ይላል። ግን ነገሩን አንድ በአንድ እዪው። ኩታ አይሰፋም፤ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ሁለት ድርብ ሆኖ የሚጣፋ ነው። እጅጌ የለው፣ አንገት የለው። ዜና ላይ «ኩታ ገጠም እርሻ» ሲሉ የምትሰሚው እሱን ነው፤ ማሳና ማሳ እንደ ኩታ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጥም። የጣልያኑ ግን መነሻው የሰሜን አውሮፓ ሻካራ ሱፍ ነው፣ መንገዱም ከፍራንክ ወደ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ወደ ጣልያን መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደጋችን የሚገባበት በር የለም። ድምፅ መመሳሰል ብቻውን ምሥክር ሆኖ አይቆጠርም።

እውነተኛ ዘመድ ከፈለግሽ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ እሱንም በየሳምንቱ ታጥቢዋለሽ። ያ እስከ እግር የሚወርደው ረጅሙ ነጭ ልብስ «ካሚቼ» ይባላል አይደል? (የሐኪም ነጭ ጋዋንም እዚያ ካሚቼ ነው።) መነሻው የኋለኛው ዘመን ላቲን «ካሚሲያ» ነው። ይህን ቃል ቅዱስ ጀሮም በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ፋቢዮላ ለምትባል ሴት በጻፈው ደብዳቤ ላይ እናገኘዋለን፤ የብሉይ ኪዳን ካህናትን ልብስ ሲያስረዳት ወታደሮች «ካሚሲያ» የሚሉት ከገላ ጋር የሚጣበቅ የተልባ እግር ልብስ አላቸው ይላታል። ይህ ካሚሲያ ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ ዐረብኛ ውስጥ «ቀሚስ» ሆነ፣ ከዐረብኛ ወደኛ ገባ። ስለዚህ የኛ ካህናት ቀሚስና የሮማው ካህን ካሚቼ ዘር ማንዘራቸው አንድ ነው፣ በመልክ ግን አይተዋወቁም። ሸሚዝም በፈረንሳይ በኩል ዞሮ የመጣ የዚያው የካሚሲያ ልጅ ነው። አንድ ሰው ቀሚስና ሸሚዝ ዘመዳሞች ናቸው ሲለው ይስቃል፣ ኩታና ኮታ ሲባል ግን ወዲያው ያምናል። በነገራችን ላይ በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት የኛ ካቶሊክ ካህናት ኮታ የላቸውም፤ የነሱ ቀሚስና ካባ ነው። ቫቲካን ግቢ ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችውን የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ካወቅሽ እዚያ ልዩነቱን ማየት ትችያለሽ።

የካህናቱን ልብስና ሸክላውን በእውነት የሚያገናኝ ቃል አለ ወይ ካልሽኝ፣ አለ፤ ግን ጣልያንኛ አይደለም። የኛው «መተኮስ» ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ላይ የባቢሎን ሰዎች «ኑ፣ ጡብ እንሥራ፣ በእሳትም እንተኩሰው» ይባባላሉ። ይህችኑ ዐረፍተ ነገር ጀሮም ወደ ላቲን ሲመልሳት «ኮኩዋሙስ» አለ፤ እናብስለው ማለት ነው፣ የቴራኮታ እናት የሆነችው ግሥ እራሷ ናት። እንግዲህ ላቲን ጡብን ያበስለዋል፣ አማርኛ ይተኩሰዋል። ያንቺ ሥራስ ምንድነው? ኮታ መተኮስ! ካውያውም እቶኑም እሳት ነክቶ ነው የሚያስተካክለው፤ ጠመንጃ መተኮስም፣ ትኩስ ዳቦም፣ ትኩሳትም ከዚሁ ናቸው። ይህ ሞክሼነት አይደለም፣ አንድ ቃል ነው ብዙ ቦታ የተሠማራው። ጣልያኖቹ ልብስ ለመተኮስ ሌላ ግሥ ነው ያላቸው፣ «ስቲራሬ»፤ ፍችውም መጨማደዱን ወጥሮ ማቃናት ነው፣ እሳት የሚባል ነገር የለበትም።

አንድ ሦስተኛ ኮታም አለ፣ እሱ የኛ ብቻ ጣጣ ነው። አማርኛ «ኮታ» ሲል የስኳር ኮታ፣ የዘይት ኮታ ነው። ድርሻ። ይህ ከላቲን «ኩዎታ» ነው፣ ስንተኛ፣ ምን ያህል እንደማለት። ጣልያንኛ ይህን በሌላ ፊደል ይጽፈዋል፣ በሌላ ድምፅ ይጠራዋል፣ ከፍታም ማለት ነው። አውሮፕላን «ኩዎታ» ይይዛል። በላቲን ፊደል ሲጻፉ በፍጹም አይምታቱም። በኛ ፊደል ስንጽፋቸው ግን መጥበቅና መላላት ስለማናሳይ ሦስቱም አንድ ቦታ ወደቁ። ለዚህ ነው ለእናትሽ ደውለሽ «ዛሬ ስምንት ኮታ ተኩሼ መጣሁ» ብትያት «እዚያም በኮታ ነው እንዴ የሚያድሉት?» የምትልሽ። አማርኛ ላይ «አጭር ነጭ የቅዳሴ ልብስ» ብትዪ ይበቃል፣ አታካብጂው።

ጣልያንኛው ውስጥ የትኛው ኮታ እንደሆነ ለመለየት ዙሪያውን ማየት ነው። «ላ ኮታ» ብለው ካህን ወይም ልጅ ከለበሰው ልብስ ነው። «ኡና ኮታ» ብለው «ለእገሌ» ከጨመሩበት ፍቅር ነው። ከምግብ ወይም ከአፈር ስም ኋላ ከመጣ ብስል ነው። ጣልያኖች ራሳቸው ይቀልዱበታል፤ ካህኑ «ላ ኮታ» አነሣ ሲባል ወደ ቅዳሴ እየሄደ ነው፣ «ኡና ኮታ» ያዘው ሲባል ግን ጳጳሱ መስማት የለባቸውም።

ስለ ጳጳስ ካነሣን፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ኮታ የሚመስል ግን እጅጌው ጠበብ ብሎ ክንድ ላይ የሚገጥም ነጭ ልብስ ካገኘሽ ከልጆቹ ጋር እንዳትሰቅዪው። እሱ «ሮኬቶ» ነው፣ የጳጳሳትና የከፍተኛ ካህናት ልብስ። ታዲያ ቁልፍ ልትተክዪለት የክር መጠቅለያ ስጡኝ ብትዪ የሚሰጡሽም «ሮኬቶ» ነው። ይኸኛውም እንደ ኮታ ነው፤ ልብሱ ከፍራንኮች፣ የክሩ ደግሞ ገና የሚፈተለው ሱፍ ከሚጠመጠምበት እንጨት ከ«ሮካ»፣ ከእንዝርቱ ጓደኛ።